የፎቶ ክለባችን ተጋባዥ እንግዶችና የኮምፖዚሽን ትምህርት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ ሰው ወደ ክለባችን ሲመጣ የሚጠይቀን ነገር ይመሳሰላል። በስልክም፣ በቴሌግራምም፣ በር ላይ ቆሞም ያው ጥያቄ ነው። ስለዚህ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። እኔ ፕሮግራሙን ከሚያስተባብሩት አንዱ ነኝ። እንግዶቹን የምጋብዘው እኔ ነኝ። ከታች ያለው ሁሉ ክለቡ ውስጥ በዓይኔ ካየሁት የመጣ ነው። ያልመለስኩት ካለ ቅዳሜ መጥታችሁ ጠይቁኝ።

መቼ ነው የምትገናኙት?

በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ አዲስ አበባ። አንዱ ቅዳሜ የእንግዳ ነው፣ ቀጣዩ የኮምፖዚሽን፣ ማለትም ፎቶው ውስጥ ምን የት እንደሚሆን መወሰን የምንማርበት። እንግዳው ያነሳውን ሐሳብ ይዘን እንወጣለን፣ ሁለት ሳምንት እንሞክረዋለን፣ ከዚያ ያነሳነውን አምጥተን አብረን እናያለን። አንዱን ብቻ መርጦ መምጣት ይቻላል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንግዳ ሲኖር ብቻ ብቅ የሚል ሰው ብዙም ሲያድግ አላየሁም።

ካሜራ የለኝም። በስልክ ብመጣ ችግር አለው?

ምንም ችግር የለውም። ከመካከላችን ካሜራ ያላቸው ጥቂት ናቸው። ኮምፖዚሽን የሚማረው ዓይን ነው፣ ዓይን ደግሞ ሁላችንም አለን።

ከመምጣታችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር አድርጉ። የስልካችሁን ሌንስ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ኪስ ውስጥ የዋለ ሌንስ ቅባት አለው፣ ፎቶው ጭጋግ የለበሰ የሚመስለው በዚያ ነው። ካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ግሪድ የሚለውን፣ ስክሪኑን በመስመር የሚከፋፍለውን፣ አብሩት። በጣት ዙም ማድረግን ደግሞ ተዉት። በእግራችሁ ቅረቡ። በአብዛኛው ስልክ ላይ በጣት የሚደረግ ዙም ምስሉን ቆርጦ ከማስፋት የተለየ አይደለም።

ተጋባዥ እንግዶቹን እንዴት ትመርጣላችሁ?

ዝና አይተን አንመርጥም። ያ ሰው ምን ያህል ሊያሳየን ፈቃደኛ ነው የሚለውን ነው የምናየው።

ይህን እንድንወስን ያደረጉን አንድ አባት ናቸው። ድሮ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ስልክ ስደውልላቸው ዕድሜያቸውን ምክንያት አድርገው ሊቀሩ ፈልገው ነበር። ልጃቸው አግባብታ አመጣቻቸው። ክፍሉ ውስጥ ገብተው ኮታቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ከፌስታል ውስጥ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ቆርቆሮው ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ኔጌቲቭ፣ ፎቶ የሚታጠብበት ፊልም፣ ሞልቷል።

ያኔ የሚጠቀሙት ፊልም አንዱ ጥቅል 12 ፎቶ ብቻ ነው የሚያነሳው። ለአንድ ሠርግ ሁለት ጥቅል ይዘው ይሄዱ ነበር። 24 ፎቶ፣ ለአንድ ሙሉ ሠርግ! ዛሬ እኛ ኬኩ ሳይቆረስ 300 እናነሳለን።

ኔጌቲቩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው ያዙት። ሁላችንም ከበብናቸው። አንዱ ፍሬም ላይ የሙሽራዋ ዓይን ተጨፍኗል። ቀጣዩ ላይ ሙሽራዋ ቆንጆ ሆና ወጥታለች፣ ግን ከጥግ በኩል የማን እንደሆነ የማይታወቅ እጅ ገብቷል። አንድ እጅ ብቻ፣ ከአንጓው የተቆረጠ። ከዚያ የሚከተለውን አሳዩን። ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብለዋል። አሁን እጁ ባለቤት አገኘ። የሙሽራዋ እናት ናቸው፣ የልጃቸውን ቬሎ ያስተካክላሉ። ሙሽራዋ ካሜራውን አታይም፣ ቀና ብላ እናቷን ነው የምታየው።

እጁን መጀመሪያ ሲያዩት ተናደው እንደነበር ነገሩን። አንድ ፊልም አባከነብኝ ብለው። ወዲያው ግን የዕለቱ ፎቶ ያ እጅ ራሱ መሆኑ ገባቸው፣ ወደኋላም ያሉት ለዚያ ነው። ቤተሰቡ አሳጥቦ ሳሎን የሰቀለው ሦስተኛውን ፎቶ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ከእሳቸው በቀር ማንም አላያቸውም፤ እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ዓመታት ቆዩ።

ያን ቀን ሦስተኛውን ብቻ ቢያሳዩን ኖሮ አጨብጭበን ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር። የተማርነው ከሁለቱ ከተበላሹት ነው። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ እንግዳ የምንነግረው አንድ ሕግ አለ። ከምርጡ ፎቶ በፊትና በኋላ የተነሱትንም ይዘው ይምጡ እንላለን። አንዳንዱ አይፈልግም። እናመሰግናለን፣ አንጋብዘውም። ይህ ሲበዛ ጥብቅነት የሚመስለው ሰው አለ። እኔ ግን ለክለባችን ከዚህ የሚበልጥ ነገር አላደረግንለትም ብዬ አምናለሁ።

እንግዶቹ ሁሉም ፎቶ አንሺዎች ናቸው?

አይደሉም። ሠዓሊ መጥቶልናል፣ የፊልም ካሜራ ባለሙያ መጥቶልናል፣ ለጋዜጣ ፎቶ ሲመርጥ የኖረ አዘጋጅ መጥቶልናል። አንዴ ደግሞ ልብስ ሰፊ ጋብዘን ነበር። የጥለትን ቀለም ከነጩ ጋር እንዴት እንደሚያመዛዝን አሳየን፤ ነጩ ሲሰፋ ጥለቱ እንዴት እንደሚጎላ። ስለ ባዶ ቦታ ከዚያ የተሻለ ትምህርት አላገኘንም።

ለእንግዳው ክፍያ አለ?

የትራንስፖርት እንሸፍናለን። ቡና አፍልተን እንቀበላለን። በመጨረሻ ከአባላቱ ሥራ አንዱን አሳጥበን በፍሬም እንሰጣለን። ወጪው ከአባላት መዋጮ ነው።

ኮምፖዚሽን ማለት ምን ማለት ነው? በአማርኛስ ምን ትሉታላችሁ?

እኛ ቅንብር እንለዋለን። ሁለቱንም ቃል እንጠቀማለን፣ ግን ቅንብር የሚለውን የምወደው ከሙዚቃ ስለምናውቀው ነው። ዘፈን ሲወጣ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ተብሎ የሦስቱም ባለቤት ይጠራል። አቀናባሪው ምንድን ነው የሚሠራው? ሳክስፎኑ የት እንደሚገባ፣ የት ዝም እንደሚል ይወስናል። ሁሉም መሣሪያ በአንዴ ቢጮህ ዘፈኑ አይሰማም።

ፎቶም እንደዚያው ነው። ከፊታችሁ ሰው አለ፣ ግድግዳ አለ፣ የመብራት ሽቦ አለ፣ ቢጫ ጀሪካን አለ። ሁሉም እኩል ይጮኻል። ማን ይዘፍናል፣ ማን ዝም ይላል የሚለውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። የምትወስኑበትም መንገድ ቀላል ነው፤ የምትቆሙበት ቦታ፣ የካሜራው ከፍታ፣ ርቀታችሁና የምትጫኑበት ቅጽበት። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ብትሉ ጀሪካኑ ይጠፋል። በርከክ ብትሉ ሽቦው ሰማይ ላይ ይቀራል፣ ወይም ደግሞ ይባስ ፊት ላይ ይመጣል። ሞክራችሁ ታዩታላችሁ።

ዋናውን ነገር የግሪዱ መስመሮች መገናኛ ላይ ካላደረግኩ ፎቶው ተበላሸ ማለት ነው?

አይደለም። ይህን ጥያቄ በጣም ደጋግመን ስለምንሰማው ትንሽ ልቆይበት።

ፍሬሙን በሁለት አግድምና በሁለት ቁልቁል መስመር ሦስት ሦስት ቦታ ከፍሎ፣ ዋናውን ነገር መስመሮቹ በሚገናኙበት ላይ ማድረግ ሩል ኦፍ ሰርድስ (የሦስተኛ ሕግ) ይባላል። ስሙን ያወጣለት እንግሊዛዊው ጆን ቶማስ ስሚዝ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1797። እሱ ያወራው ስለ መልክዓ ምድር ሥዕል ነበር፤ ምድሩ አንድ ሦስተኛ፣ ሰማዩ ሁለት ሦስተኛ ቢሆን ያምራል በሚል። ፎቶግራፍ ለዓለም የታወጀው በ1839 ነው። ስለዚህ ሕግ የምንለው ነገር ካሜራ ከመምጣቱ 42 ዓመት በፊት ስለ ብሩሽ የተሰጠ ምክር ነው።

ምክሩ ጥሩ ነው። ጀማሪ ሁሉንም ነገር መሃል ላይ ይሰካል፤ ግሪዱ ከዚያ ልማድ ያላቅቀዋል። የሆነ ሰው ወደ ቀኝ እያየ ከሆነ በግራ በኩል አስቀምጡት፣ የሚያይበት ቦታ ይኑረው። እስከዚህ ድረስ ያገለግላል። ነገር ግን አንድ መነኩሴ ፊት ለፊት ቆመው ቀጥታ ሲያዩአችሁ ወደ ጥግ መግፋት ለምን ያስፈልጋል? መሃል አድርጓቸው። ስድስት ወር በግሪድ ሥሩ፣ ከዚያ አጥፉት። ለአባሎቻችን የምንለው እንደዚህ ነው።

የፎቶ ክለብ ሆናችሁ ሥዕል የምታሳዩት ለምንድን ነው?

ምክንያቱም ቅንብርን ከማንም በፊት የሠሩት የእኛው ሠዓሊዎች ናቸው። እኛ ያደግነው እነዚያን ሥዕሎች እያየን ነው። ዓይናችን ሳናውቀው ከእነሱ ተምሯል።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ጻድቃን ሙሉ ፊታቸው ይታያል፣ ሁለት ዓይን አላቸው። ክፉዎቹ ከጎን ይሣላሉ፣ አንድ ዓይን ብቻ። ይህንን ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ እናውቃለን፤ ማንም ሳይነግረን ሰይጣኑ የቱ እንደሆነ እንለያለን። ይሄ ቅንብር ነው! የፊቱ አቅጣጫ ብቻውን ታሪኩን ነገረን። ፖርትሬት፣ የሰው ፊት ፎቶ፣ ስታነሱም ያው ጥያቄ አለ። ፊቱን ሙሉ ልታዞሩት ነው ወይስ በጎን? ሁለቱ አንድ ስሜት አይሰጡም።

የዓድዋ ሥዕሎችን ደግሞ ተመልከቱ። በብዙዎቹ ላይ የእኛ ሠራዊት በግራ ነው፣ ጣሊያን በቀኝ። ምኒልክ ከላይ በግራ፣ ጣይቱ ከታች በግራ በፈረስ ላይ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ ሰማዩ ላይ። የኢትዮጵያውያኑ ፊት ወደ እኛ ዞሯል፣ የጣሊያኖቹ በጎን ነው። በመቶ የሚቆጠር ሰው አንድ ሸራ ላይ አለ፣ ግን ዓይናችሁ አይጠፋም። የት እንደሚሄድ ያውቃል። የጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ ላይ ሕዝብ ለማንሳት የሚወጣ ሰው ከዚያ በፊት አንድ የዓድዋ ሥዕል ፊት ግማሽ ሰዓት ቢቆም ብዙ ያተርፋል። ብዙ ሰው ሲበዛ ፎቶው ይደናገራል ይላሉ። የሚያደናግረው ግን ብዛቱ አይደለም። ሰዎቹ ጎን ስላልለዩ ነው።

ከአገራችን ፎቶ አንሺዎችስ የማንን ሥራ ታያላችሁ?

ከድሮዎቹ የቦያጂያን ቤተሰብን እናያለን። አርመኖች ናቸው። አባትየው በድሮስ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፣ ልጆቹም ሙያውን ቀጥለው በቤተ መንግሥት ሠርተዋል። ከእነሱ ፎቶዎች ላይ አቀማመጥን እናጠናለን፤ ማን መሃል ተቀመጠ፣ ማን ቆመ፣ እጅ የት ዐረፈ። ከዚያ ሽመልስ ደስታ አሉ። በአፄ ኃይለ ሥላሴም በደርግም ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ። ሁለት መንግሥት በአንድ ሰው ዓይን ማየት ብርቅ ነው።

ከአሁኖቹ አይዳ ሙሉነህ አለች። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የሚባለውን የፎቶ ፌስቲቫል የመሠረተችው እሷ ናት። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፤ ጥቂት ቀለም ወስዳ ሌላውን ሁሉ ታስወጣለች። እ.ኤ.አ. በ2018 በንጹሕ ውኃ ላይ ለሚሠራው ድርጅት ለዋተርኤይድ አፋር ውስጥ ዳሎል አካባቢ ያነሳቻቸውን ስናሳይ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሚካኤል ጸጋዬን እናያለን። ሥዕል ተምሮ፣ የዘይት ቀለም አለርጂ ሆኖበት ወደ ፎቶ የዞረ ሰው ነው። ፎቶውን አይታችሁ ሠዓሊ እንደነበር ትገምታላችሁ።

አንድ ፎቶ ግን በየዓመቱ እናያለን። የሙሉጌታ አየነ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ወደ ናይሮቢ ሲበር የወደቀው አውሮፕላን 157 ሰው ይዞ ነበር። አደጋው በደረሰበት ቦታ አንዲት ሐዘንተኛ አፈር ዘግና ፊቷ ላይ ስትበትን ያነሳው ፎቶ እ.ኤ.አ. በ2020 ወርልድ ፕሬስ ፎቶ በሚባለው ዓለም አቀፍ የዜና ፎቶ ውድድር ለዓመቱ ምርጥ ፎቶ ዕጩ ሆኗል። ስለዚህ ፎቶ ስናወራ መስመርና ግሪድ አናወራም። ስለ ቅጽበት ነው የምናወራው። እኛ ሐዘን እንዴት እንደሚወጣ እናውቃለን፤ አፈሩ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ መግለጫ አያስፈልገንም። ይህን ፎቶ ካየን በኋላ ሁልጊዜ ለጥቂት ደቂቃ እናርፋለን።

ነጠላ የለበሰ ሰው ሳነሳ ፊቱ ይጠቁራል። ምን ላድርግ?

ይህ በየመስከረሙና በየጥር ወሩ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ጥፋቱ የናንተ አይደለም። ካሜራ ብርሃን የሚለካው ዓለምን በአማካይ ግራጫ አድርጎ ገምቶ ነው። ፍሬሙን ነጭ ሲሞላው ብርሃን በዛ ብሎ ያስባል፣ ሁሉንም ያጨልማል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ የእናታችን ፊት ደግሞ ይጠፋል።

በስልክ ከሆነ ነጠላውን ተዉና ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን በጣት ንኩ። የፀሐይ ምልክት ይመጣል፤ ወደ ላይ ጎተት አድርጓት፣ ፊታቸው እስኪፈካ። ካሜራ ከሆነ የኤክስፖዠር ማካካሻውን፣ ብርሃን የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን፣ ወደ ፕላስ አንድ አካባቢ ውሰዱት። አሁን ፊቱ ተስተካክሎ ነጠላው ድርና ማጉ እስኪጠፋ ከነጣ፣ ችግሩ ከፀሐዩ ነው ማለት ነው። ሰውየውን ጥላ ውስጥ አስገቡት። ጥላ ውስጥ ፊትና ነጠላ ይቀራረባሉ። ከፊት ለፊቱ በፀሐይ የተመታ ግድግዳ ካለ ደግሞ በጣም ጥሩ፤ ግድግዳው ብርሃኑን መልሶ ፊቱ ላይ ይጥለዋል።

ገበያ ውስጥ ከሆናችሁ ግን ወደ ላይ አንጋጡ። ሰማያዊ ላስቲክ ሸራ ሥር የቆመች ሽንኩርት ሻጭ ፊቷ ሰማያዊ ይሆናል፤ ብርቱካንማ ሸራ ሥር ከሆነች ብርቱካንማ። ዓይናችን ቶሎ ስለሚለምደው አናስተውለውም። ከሸራው ጠርዝ ወጣ ካለች ያስተካክለዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ ብርሃን የሚገኘው ስንት ሰዓት ነው?

ጠዋት ከ12 ሰዓት ትንሽ አልፎ ፀሐይ ስትወጣ፣ ማታም ከመጥለቋ በፊት። ግን ፍጠኑ። ከምድር ወገብ ብዙ ስላልራቅን ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። ወርቃማው ብርሃን እዚህ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ነው። የአውሮፓ ፎቶ አንሺዎች በዩቲዩብ አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ሲሉ ስትሰሙ ለራሳቸው አገር ነው።

እኩለ ቀን የሚሆነው ወደ 6 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ያኔ ጥላ ከእግር ሥር ይገባል፣ ዓይን ጉድጓድ ይሆናል። በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ ወደ መጨረሻ ደግሞ ፀሐይ በትክክል አናታችን ላይ ነች። ይህን ሰዓት ለሰው ፊት አንጠቀምበትም፤ ለደረጃ፣ ለቆርቆሮ ጣሪያ፣ ለድንጋይ ንጣፍ ግን ጥሩ ነው።

ክረምትን ብዙ ሰው ይጠላዋል። እኔ እወደዋለሁ። ደመናው ሰማዩ ላይ እንደተዘረጋ አቡጀዲ ነው፣ ብርሃኑን አጣርቶ ይለቀዋል። ለፖርትሬት ሐምሌን የሚያህል ወር የለም።

መንገድ ላይ ሰው ማንሳት ይፈቀዳል?

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ 28 ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ የታወቀ ሰው ሲሆን፣ የሕዝብ ሥራ ሲሆን፣ ለትምህርትና ለባህል ሲሆን፣ በአደባባይ የተደረገ በዓል ወይም ሁነት ሲሆን የመሳሰሉት። ይህን ማወቅ ጥሩ ነው። እኛ ግን ከሕጉ በፊት ሰላምታ እናስቀድማለን።

እንደምን ዋሉ እናቴ፣ ፎቶ እየተማርን ነው፣ ላንሳዎት? ይኸው ነው። እምቢ ካሉ እሺ ብሎ ማመስገንና መሄድ። አሳዩኝ ካሉ ማሳየት። እልክልዎታለሁ ብላችሁ ቃል ከገባችሁ ደግሞ ላኩ! አንድ አባላችን ሾላ ገበያ ላይ አንዲት ቅቤ ሻጭ አንስቶ፣ አሳጥቦ ወሰደላቸው። ከዚያ ወዲህ እዚያ ተራ ስንሄድ በርጩማ ይወጣልናል። ቃል ሰጥቶ የቀረ ሰው ባለፈበት ተራ ደግሞ ፊት እንደሚነሳን በራሳችን ደርሷል።

የተጎሳቆለ ሰውን፣ የታመመን፣ ራሱን መከላከል የማይችልን ሰው ለቅንብር ብለን አናነሳም። ይህ ድርድር የለውም። ጥበቃ ያለባቸው ግቢዎች አካባቢም ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። አንዴ የአንድ ተቋም አጥር ላይ ያረፈ የዛፍ ጥላ ስናነሳ ግማሽ ቀን ቆመን ውለናል። ሰዎቹ ሥራቸውን ነው የሠሩት፤ ቀድመን ብንጠይቅ ኖሮ ባልደከምን።

ፎቶዬን ሰው ፊት ማሳየት እፈራለሁ። ትተቻላችሁ?

እንተቻለን፣ ግን ሥርዓት አለው። ፎቶው ግድግዳ ላይ ሲወጣ ያነሳው ሰው አይናገርም። ሌሎቻችን መጀመሪያ ያየነውን ብቻ እንናገራለን። ያምራል፣ አያምርም ማለት አይቻልም። ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው እዚህ ነው፣ ከዚያ እዚህ፣ እዚህ ጋ ተያዘብኝ። ከዚያ በኋላ ነው ባለቤቱ ሊናገር የፈለገውን የሚነግረን። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ትምህርቱ ነው።

አንዲት ልጅ ነበረች፣ ሁለት ወር ሙሉ ከኋላ ተቀምጣ ምንም አላሳየችም። በሦስተኛው እናቷ ቡና ሲቆሉ ያነሳችውን አመጣች። እናትየው አጎንብሰዋል፣ ጭሱ ይወጣል፣ መስኮቱ በጎን ያበራል። በጣም ጥሩ ነበር። ግን ሁላችንም ዓይናችን መጀመሪያ የሄደው ወደ ቢጫው ጀሪካን ነው፤ ልክ ከእናቷ ጭንቅላት ላይ የበቀለ ይመስላል። ተራ በተራ ስንናገር ስድስት ሰው ጀሪካን አለ። ልጅቷ በስተመጨረሻ ተነስታ የተናገረችው እስካሁን አይረሳኝም። ስታነሳው ጀሪካኑን ጨርሶ እንዳላየችው፣ ያየችው የእናቷን እጅ ብቻ እንደነበረ ነገረችን።

ሁላችንም የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የምንወደውን ስናይ ሌላው ይጠፋናል። ካሜራው ግን ማንንም ስለማይወድ ሁሉንም ያነሳል።

በሚቀጥለው ቡና አንድ እርምጃ ወደ ግራ ብላ አነሳችው። ጀሪካኑ ቤት ውስጥ እንዳለ ነው፣ ከፎቶው ግን የለም። እጁና ጭሱ ቀርቷል። ሁለቱንም ፎቶ አሳጥበን ክፍላችን ውስጥ ጎን ለጎን ሰቅለናቸዋል። ስትመጡ አሳያችኋለሁ።

ክሮፕ ማድረግ፣ ካነሱ በኋላ የፎቶውን ጠርዝ መቁረጥ፣ ይቻላል?

ይቻላል፣ ለቤት ሥራ ግን አይቻልም። ፍሬሙን እዚያው ቦታው ላይ መጨረስ እንድትለምዱ ነው። ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን ክሮፕ አይወድም ነበር። ግን እ.ኤ.አ. በ1932 ፓሪስ ከሴን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያነሳው፣ ኩሬ ላይ የሚዘለው ሰውዬ ፎቶ ክሮፕ ተደርጓል። በአጥር ቀዳዳ ስላነሳው አጥሩ ጎኑን ሸፍኖበት ነበር። እናንተም እንደዚያ ያለ ፎቶ ስታገኙ ቁረጡ።

ውጭ አገር የምኖር ፎቶ አንሺ ነኝ። እንግዳ ሆኜ መምጣት እችላለሁ?

በደስታ! ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለእንቁጣጣሽ ወደ አገር ቤት የምትመጡ ካላችሁ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ አሳውቁን። በቪዲዮ ሞክረን ነበር፣ ኔትዎርኩ ተቆራርጦ እንግዳችንም እኛም ደከምን። ፊት ለፊት ይሻላል። የተበላሹትን ፎቶዎች ይዞ መምጣት ግን ለእናንተም ግዴታ ነው።

ልጆች ይፈቀድላቸዋል?

ከ12 ዓመት በላይ፣ ከወላጅ ወይም ከታላቅ ጋር።

የሚቀጥለው እንግዳ ማን ነው? የቤት ሥራውስ?

የሚቀጥለው እንግዳችን ፎቶ አንሺ አይደሉም። የብረት በር የሚሠሩ የብየዳ ባለሙያ ናቸው። በር ላይ ቅርጽ ሲያወጡ መሃሉን ከየት እንደሚጀምሩ፣ ሁለቱ ተካፋች ሲገጥም አበባው እንዳይሰበር ምን እንደሚያደርጉ ያሳዩናል። የተቃናላቸውን ብቻ ሳይሆን የተጣመመባቸውንም ብረት ይዘው እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ። እሺ ብለዋል።

የቤት ሥራው እንግዲህ በር ነው። ከሰፈራችሁ አንድ በር ምረጡ። አንድ ብቻ። ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ማታ ሂዱበት፣ በድምሩ 36 ጊዜ አንሱት። የግቢውን ባለቤት አስፈቅዱ። ክሮፕ የለም። 36ቱንም፣ አንድ ሳታጠፉ ይዛችሁ ኑ።